የግቢያችን ቃል አቀባይ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባና የሚወጣበት ግቢ ሁሉ አንድ ቃል አቀባይ አለው። ማንም አልመረጠውም፤ ማንም አይሽረውም። መንግሥት ይለወጣል፣ ቀበሌው ወረዳ ይባላል፣ የወረዳው ቁጥር ይቀየራል፤ ቃል አቀባዩ ግን ወንበሩ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት። እርስዎ ለመናገር አፍዎን ሲከፍቱ፣ ቃሉን ከምላስዎ ጫፍ ላይ አንስታ ለሚሰማው ሰው ታደርስልዎታለች። ለእርስዎ የሚቀረው ሥራ አፍዎን መልሶ መዝጋት ነው።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ። «ይባላሉ» ያልኩት ለማዕረጉ ያህል ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጣት አንቺ ነው የምላት፣ እሷም ጋሼ ፀሃዬ ትለኛለች። ግቢያችን ካዛንቺስ ነው፤ ግማሹ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ከቀሩት ጥቂት አሮጌ ግቢዎች አንዱ። ከበራችን ሲወጡ በአንድ በኩል መስታወት የለበሰ ሆቴል፣ በሌላው በኩል በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ያያሉ። መሃል ላይ የሻረግ አለች።

አነጋገሯ አጭር ነው፤ ማሳረጊያውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ማለቱ ነው»። ሴት ከሆነች «ማለቷ ነው»፣ እኔ ከሆንኩ «ማለታቸው ነው»። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ «አባት፣ ቆጣሪው የት ጋ ነው?» ቢለኝ፣ እኔ መነጽሬን እስክፈልግ «ከመታጠቢያው ጀርባ ነው፤ ግን ውሻው እስኪታሰር ጠብቅ ማለታቸው ነው» ትለዋለች። ውሻው የኔ አይደለም። ጠብቅ ልለውም አላሰብኩም ነበር። ውሻው ግን እውነትም ይናከሳል።

ችግሩ ይኸው ነው። ብትሳሳት ኖሮ ድሮ ተገላግለናት ነበር።

አንድ ጊዜ ዓይኔን ልታይ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ብቻዬን እንድሄድ ስላልተፈቀደልኝ አብራኝ መጣች። ወጣቱ ሐኪም «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲለኝ፣

«ወገባቸውን» አለች።

«ዓይኔን ነው» አልኩ።

«ዓይናቸውንማ ለምደውታል። ጠዋት ጠዋት ከወንበር የሚነሱት ግድግዳ ይዘው ነው። አፍረው ነው የማይናገሩት።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሸሚዜን እንድገልጥ አዘዘኝ። የወገብ ቅባት ይዤ ወጣሁ። ዓይኔ እንደነበረ ነው። ወገቤ ግን፣ እውነቱን መመስከር ካለብኝ፣ ተሽሎኛል።

ከሁሉ የሚብሰው የትርሓስ ልጅ ነገር ነው። ትርሓስ ግቢያችን ጥግ ባለው ቤት ነው የምትኖረው። ሴት ልጇን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጡ። በወጉ መሠረት የልጅቷ ወገን «እንመካከርበት፣ ጊዜ ይሰጠን» ብሎ ሽማግሌዎቹን ደጅ ማስጠናት፣ ቢያንስ አንድ ሁለቴ ማመላለስ አለበት። ሽማግሌዎቹ ገና ቆመው፣ ጉዳዩን በምሳሌ እያዞሩት ሳለ፣ ከጓዳው በር አጠገብ የሻረግ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ እሺ ብለዋል» አለች። የልጅቷ አባት አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በኋላ እንዳጫወቱኝ፣ በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው በአንድ ቁጭታ ያለቀ ሽምግልና ያዩት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ልጅቷና ባሏ አሁን ኮዬ ፈጬ ይኖራሉ። ይዋደዳሉ።

እኔ ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «የሌላውን ሰው ልብ በእርግጥ ማወቅ ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስንቱን ተማሪ አስጨንቄያለሁ። ጥሩ ውጤት ያገኙ የነበሩት «አይቻልም» ብለው በሚገባ የሚከራከሩት ናቸው። ከየሻረግ ጋር ግድግዳ መጋራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን የእነዚያ ልጆች ውጤት ያሳስበኛል።

እንግዲህ ፍሬአብ የተወለደው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

እናቱ ሲምረት ሆቴል ውስጥ ሪሰፕሽን ላይ ትሠራለች። አባቱ ሀብተሥላሴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሲምረት ልጁን ለየሻረግ ሰጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የሻረግ ራሷ አልወለደችም። ሞግዚት መባልም አትወድም፤ «አብሬው ነው የምውለው» ነው የምትለው። ልጁም ንጹሕ፣ ጤነኛ፣ ጉንጩ የሞላ ሆኖ አደገ። ሦስት ዓመት ሲያልፈው ግን አንዲት ቃል አልወጣውም።

ይህን ልብ ለማለት ራሱ ጊዜ ወሰደብን። ግቢው ውስጥ የልጁ ሐሳብ ጠፍቶ አያውቅማ። ፍሬ እጁን ይዘረጋና «እ» ይላል።

«ውሃ፣ በሰማያዊዋ ኩባያ ማለቱ ነው።»

«እ» ይላል።

«ጫማዬ ጠበበኝ ማለቱ ነው።»

ትንሽ ይቆይና ያችኑ «እ» ይደግማታል።

«ጋሼ ፀሃዬ ለምን ይተክዛሉ፣ ተነስተው አይጫወቱም ወይ ማለቱ ነው።»

ኩባያዋ ስትመጣለት ይጠጣል። ጫማው ሲወልቅለት ይስቃል። እኔም ተነስቼ ኳስ እመታለሁ፣ በዚህ ወገቤ። ከአንዲት ድምፅ ሙሉ መዝገበ ቃላት የምታወጣ አስተርጓሚ ለንጉሥም ተቀጥራ አታውቅም።

ሲምረት መጨነቅ ስትጀምር ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት አገኘ። ትርሓስ «ስልክ ነው ያበላሸው፣ ካርቱኑን ንጠቂው» አለች። ሀብተሥላሴ ከመንገድ ደውሎ «በቃ ወንድ ልጅ ይዘገያል» አለ። የምላሱ ጅማት ይታይ ያለም አለ። የሻረግ ደግሞ «አያቱ በአምስት ዓመታቸው ነው አፍ የፈቱት፤ ፈተውም ዳኛ ሆኑ» አለች። የሀብተሥላሴን አባት በዓይኗ አይታቸው አታውቅም።

«ደሞስ የምንኖረው በማን ክፍለ ከተማ ነው?» ብላ ቀጠለች። «ቂርቆስ አይደል? ቂርቆስ በሦስት ዓመቱ አይደል ንጉሥ ፊት ቆሞ የመሰከረው? በስሙ አገር የተወለደ ልጅ አፉ ተዘግቶ አይቀርም።»

«እኔን የሚያስጨንቀኝ እኮ እሱ ነው እትዬ» አለች ሲምረት። «ፍሬም ሦስት ዓመቱ ነው።»

የሻረግ ነገሩን በዚያ በኩል አላየችውም ነበር። በማግሥቱ ማልዳ ልጁን አዝላ ቂርቆስ ጠበል ወሰደችው። ርሶ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። «እ» አለ በሩ ላይ። «በረደኝ ማለቱ ነው» አለች።

ነገሩን ያጠበቀው መዋዕለ ሕፃናቱ ነው። ሲምረት ለመስከረም ልታስመዘግበው ወስዳው ርእሰ መምህርቷ በትሕትና ነገረቻት፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ልጅ አለ፣ ረዳቷ አንዲት ናት፣ ልጁ ሽንቱ ሲመጣ እንኳን ማሳወቅ ካልቻለ መቀበል ይቸግራቸዋል፤ ክረምቱን ይሥሩበትና በጳጉሜ መልሰው ያምጡት። ሲምረት ከሥራ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ ይህን አወራችኝ።

«ዘንድሮ ካልገባ ከእኩዮቹ ይቀራል ጋሼ። እትዬ የሻረግ ክፍል ውስጥ አብራው አትቀመጥ ነገር።»

«ብትቀመጥማ መምህርቷ ናት ሥራ የምትፈታው» አልኩ። ሲምረት አልሳቀችም።

መጀመሪያ ጆሮው ታየ። ደህና ነው ተባለ። ከዚያ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ፍለጋ ተጀመረ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ጥቂት መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱ ጋ ሲደወል ወረፋው ለከርሞ ነው ይባላል፤ ሌላው ጋ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ አንድ ፎቅ ላይ ካለች ትንሽ ማዕከል ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ተገኘና ቦታው ተሰጠን። ሲምረት «ጋሼ፣ እባክዎ አብረውን ይምጡ። እርስዎ ካሉ እትዬ ትንሽ ዝም ትል ይሆናል» አለችኝ። የእናት ተስፋ ወሰን የለውም።

ባለሙያዋ ልዩ የምትባል ወጣት ናት። ወንበሩን ለእኛ ትታ ራሷ ምንጣፉ ላይ፣ ፊቷን ከልጁ ፊት ትይዩ አድርጋ ተቀመጠች። የሳሙና አረፋ ነፋችለት። ፍሬ አረፋውን እያሳደደ ሳቀ። ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችና ብልቃጡን በእጁ ሰጠችው። ልጁ ታገለ። ብልቃጡን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እ።»

«ክፈችልኝ ማለቱ ነው» አለች የሻረግ ከወንበሯ።

«ገብቶኛል እማማ» አለች ልዩ በፈገግታ። «እሱ እስኪነግረኝ ነው።»

«እየነገረሽ እኮ ነው። አልሰማሽው እንደሆነ እንጃ።»

ልዩ ሌላም ብዙ ነገር ሞከረች፤ የሻረግም ሁሉንም ተረጎመች። ሲያበቃ ልዩ ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ አጠገባችን ተቀመጠች። «ልጁ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ዓይን ዓይን ያያል፣ ይጠቁማል። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ምን እንደሆነ ስም ልስጠው ብዬ አልቸኩልም፤ እየሠራን እናየዋለን» አለች። «የዘገየው እናንተ ባጠፋችሁት አይደለም። ይሄን ያዙልኝ። ግን ቀኑን ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

ሁላችንም ወደ የሻረግ ዞርን።

«ከእኔ ጋር» አለች፣ ሽልማት ሊሰጠው ስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና ብላ።

«እንግዲያው ሥራው የእርስዎ ነው። እኔ የማየው በሳምንት አንዴ ነው። ሲያነጋግሩት ዝቅ ብለው፣ ፊትዎን እያሳዩት፣ በአጭር በአጭሩ። የሚበላ ሲሰጡት ሁለት ነገር ይያዙ። ‹ዳቦ? ሙዝ?› ይበሉት። ከዚያ ዝም ይበሉ።»

«ዝም?»

«አዎ። እየጠበቁት መሆንዎን ልብ ይበል።»

«ለስንት ያህል?»

«ትንሽ ነው፣ ግን ለጠባቂው ይረዝማል።»

የሻረግ አሰበች። «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል?»

ልዩ ሳቀች። «ጥሩ ልክ ነው። ቃል ባይመጣም አስጨንቀን አናስለቅሰውም። ወደየትኛው እንዳየ አይተው፣ ‹ዳቦ› ብለው ዳቦውን ይስጡት። በቃ። ቀስ በቀስ ቦታውን እንልቀቅለት ነው የምለው።»

ከባምቢስ ሽቅብ እስከ ቤት ድረስ የሻረግ ስለ ዳቦም ስለ ሙዝም አላነሳችም። «እማማ አለችኝ?» ብቻ ነበር የምትለው። «እማማ? በስንት ዓመት ነው የምበልጣት?»

ሥራው ግን ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የነበረውን በረንዳዬ ላይ ካለው ወንበሬ ሆኜ አይቻለሁ። የሻረግ በጉልበቷ ትንበረከካለች፣ በግራ እጇ ዳቦ፣ በቀኝ እጇ ሙዝ። «ዳቦ? ሙዝ?» ትላለች። ከዚያ አፏን ትገጥምና ከንፈሯ ብቻ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጸሎቱን እየደገመች ነው። አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ይወጠራል። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ትንፋሹን ሲይዝ እንዲያ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ «አቡነ ዘበሰማያት» ትልና ወዲያው «አሜን» ላይ ትወጣ ነበር።

«የሻረግ፣ መሃሉን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«በልቤ ብዬዋለሁ ጋሼ።»

«ዳቦ በእጅሽ ይዘሽ ‹ሲሳየነ›ን፣ የዕለት እንጀራችንን የሚለውን፣ መዝለል ደግ አይደለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ‹ሲሳየነ›ን ጮክ ብላ ማለት ጀመረች፣ ለእኔ ምስክርነት።

በዚህ መሃል አንድ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ልጁ ቃሉን ሳይሆን ከንፈሯን ያዘ። የሻረግ ስታነበንብ ዓይኑን አፏ ላይ ይተክልና እሱም ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተንበርክከው፣ ድምፁ እንደጠፋ ቴሌቪዥን ያወራሉ። ልዩ ይህን ስትሰማ ተደሰተች፤ የሰው ፊት እያየ መቅዳት መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው አለች። የሻረግ ለግቢው ስታስረዳ «ዲያቆን ይሆናል ማለቷ ነው» አለች።

የሰው ትዕግሥት ግን እንደ ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ታች ይደርሳል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሲምረት ፈረቃዋ ተቀይሮ በቀትር መጣች። በሩን ስትከፍት ያየችው ይህን ነው፤ ፍሬ እጁን ዘረጋ፣ ገና «እ» እንኳን ሳይል፣ የሻረግ ከሽርጧ ኪስ ብስኩት አውጥታ አስጨበጠችው። የልጁ የሱሪ ኪስ ሲፈተሽ ፍርፋሪ ሞልቶበታል።

«እትዬ፣ ምን ነበር የተባባልነው?» አለች ሲምረት ቀስ ብላ። የሲምረት ቁጣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ እንግዳ ስታስተናግድ የለመደችው ይሆናል።

«አንዴ ነው አሁን።»

«ኪሱ አንዴ አይልም።»

«እና አስርቤ ላናግረው? ልጅ እኮ ነው፣ በቀቀን አይደለም።»

«ማንም ያስርቡት አላለም። ይጠብቁት ነው የተባሉት። ጳጉሜ ደረሰ እኮ እትዬ። እዛ ማን ነው ‹ሽንቴ መጣ ማለቱ ነው› የሚልለት? ልብሱ ላይ ሸንቶ ሲቀመጥ ልጆቹ ይስቁበታል። ይሄን ነው የሚፈልጉት?»

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«አልካድኩም። ከነገ ጀምሮ ግን እህቴ ትመጣለች። እሷ ትያዘው።»

ፍሬ በሁለቱ መሃል ቆሞ ብስኩቱን ይዞ «እ» አለ። ማንም አልተረጎመለትም።

የሻረግ ቤቷ ገብታ ዘጋች። የሲምረት እህት መጣች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ፍሬ በየሻረግ በር ላይ ቁጭ ብሎ በመዳፉ መምታት ነበር ሥራው። ግቢው ዝም አለ። ድሮ ዝምታ እመኝ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንደ ጎደለ ጥርስ ምላሴ ሄዶ ሄዶ እሱን ይነካል። ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ቦታውን ራሴ በትክክል ነገርኩት። ውሻው ግን ማንንም ትዝ አላለውም፤ ሱሪው ተቀዶ ሄደ።

ቢቸግረኝ የሻረግን በር አንኳኳሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሬዲዮኑ ጠፍቷል። ተቀመጥኩ። የመጣሁበትን ጉዳይ ታውቀዋለችና ራሷ ትጀምርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጀመረችም። የጠፋውን ሬዲዮን አቧራ በመዳፏ ጠርጋ ነው የተነፈሰችው።

«እናቴን አያውቋትም ጋሼ። ስትሮክ መትቷት ግማሽ ጎኗ ተያዘ፣ ቃሏም ጠፋ። ‹እ› ብቻ ቀረቻት። እኔ ነበርኩ የማስታምማት። አንድ ቀን ‹እ› ስትል ዋለች። ርቧት ነው ብዬ ሾርባ አመጣሁ። በርዷት ነው ብዬ ጋቢ ደረብኩ። ራሷን ትነቀንቃለች። ሲመሻሽ ነው የገባኝ፤ ቄስ ጥሪልኝ ነበር የምትለው። ሮጥኩ። ቄሱን ይዤ ስደርስ አልፋለች።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ከዛ ወዲህ ሰው ‹እ› ሲል ቆሜ መጠበቅ አልችልም። ምን ላድርግ?»

ስለ ቋንቋ ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለዚህች ሴት የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ።

«የእናትሽ ቃል እየሄደ ነበር፣ የሻረግ» አልኩ። «የፍሬ ግን...»

መጨረሻውን ሳስተካክል፣

«እየመጣ ነው» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እየመጣ ነው ማለትዎ ነው?»

«እሱን ማለቴ ነው።»

ተነስታ ጫማዋን አደረገችና የሲምረትን በር አንኳኳች። ያወሩትን ሁሉ አልሰማሁም። በመጨረሻ የሻረግ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ስትል ሰማሁ። ሲምረት «እኔም...» ብላ ሳትጨርስ፣ የሻረግ «እኔም አበዛሁት ማለትሽ ነው» አለች። ከዚያ የሲምረት ሳቅ ተሰማ። እህቷ በማግሥቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሽርጡ ታጥቦ ኪሱ በክር ተሰፍቶ ተዘጋ። ራሷ ናት የሰፋችው። ነሐሴን በሙሉ ዳቦና ሙዝ ይዛ ተንበረከከች። ‹ሲሳየነ› ሳይዘለል፣ ከነ ‹አሜን›ኑ። ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር የማዳምጠው። ልጁ ያያል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ያወጣል። ቃል ግን የለም። ሲምረት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የየሻረግን ፊት ነው፤ የሻረግ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሲምረት «ይሁን» ብላ ትገባለች። ጳጉሜ ልትገባ ጥቂት ቀረ።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሻረግ ተንበረከከች። «ዳቦ? ሙዝ?» ፍሬ ሙዙን አየ። ትክ ብሎ አየው። ከወንበሬ ሆኜ እንኳን ልጁ የፈለገው ሙዙን መሆኑ ግልጽ ነበር። የሻረግ ጸሎቷን ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ ልጁ እጁን አነሳ። እዚህ ላይ አልቻለችም። ሙዙን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ «ሙዝ ማለ...» ስትል፣ ልጁ እጇን በመዳፉ መለሰው።

«እምቢ» አለ።

ጥርት ያለ ነው። ‹ም›ዋ ሳትቀር።

የሻረግ እንደተንበረከከች ደረቀች። ፍሬ ሌላኛዋን እጇን ይዞ ዳቦውን ወሰደ። ለካ ሙዙን ያየው የጠቆረ ነገር አይቶበት ነው። በዚህ ግቢ ታሪክ የሻረግ ስትሳሳት ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሰው ሲሳሳት ያፍራል። እሷ ግን ተነስታ በየበሩ ዞረች። «ትርሓስ፣ እምቢ አለኝ። ፊት ለፊቴ። እጄን ገፍቶ።» ወደ እኔ መጣች፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማሁ። አንድ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «እሺ» ቢሆን ኖሮ ያሳስበኝ ነበር። «እሺ»ን ሌላው ሊልልን ይችላል፤ ስንቶቻችን በሌላ ሰው «እሺ» ኖረናል። «እምቢ»ን ግን ባለቤቱ ነው የሚላት። ይህን ለየሻረግ ላብራራላት ሳስብ ስልኳን አውጥታ ሲምረት ጋ እየደወለች ነበር።

«ስሚ፣ ልጅሽ እምቢ አለኝ።»

ስልኩ ውስጥ ዝም ሆነ። የሆቴሉ ሙዚቃ ብቻ በሩቁ ይሰማል። የሻረግ አፏን ከፈተች። «እያለቀሰች ነው» ልትለኝ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ግን አላለችም። አፏን መልሳ ገጠመች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ረጅም ነበር።

«እስቲ ይድገሙልኝ እትዬ» አለች ሲምረት በመጨረሻ።

«እኔ አልደግምም። ራሱ ይንገርሽ» ብላ ስልኩን ለፍሬ ሰጠችው። ፍሬ ስልኩን ላሰው።

ተአምር አልሆነም። ጳጉሜ ላይ ፍሬ የነበረው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው፤ «እምቢ»፣ «ዳ» የምትባል ዳቦ፣ ለሽንት ደግሞ «ሽ»። ርእሰ መምህርቷ «ሽ»ን ራሷ ሰምታ፣ ወደ መጸዳጃው ሲሮጥ አይታ፣ «እስቲ እንሞክረው» አለች። ገብቷል። ልዩ ገና ረጅም መንገድ አለ ትላለች፤ በየሳምንቱ ባምቢስ መውረዱ አልቀረም። የሻረግ አሁን ልዩን «ልጄ» ነው የምትላት፣ እማማ መባሉን ለማካካስ ይመስለኛል።

ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ የሻረግ ቀኑ ይረዝምባታል። ዛሬ ቀትር ላይ ደጄ ላይ ሳህን ይዛ ቆመች። እኔ ታች ካለው ምግብ ቤት በልቼ ገና መግባቴ ነው፤ ሆዴ ጢም ብሏል። ድሮ ቢሆን «ርቧቸዋል» ብላ ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ ዳቦውን ቆርሳ ትሄድ ነበር። ዛሬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ ምንም ሳትል። ለእኔም ቦታ እየለቀቀችልኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ነፃ ፈቃድ ሳስተምር ኖሬ፣ ይኸው ነፃ ፈቃድ ሳህን ይዞ ደጄ ላይ ቆሟል። የፈለግሁትን ማለት እችላለሁ። የጠየቀኝም የሚያጣድፈኝም የለም።

«ርቦኛል» አልኩ።